ኮንግረስማን ሳናውቅ አናፖሊስ መግባት ይቻላል?

እናት ከአሌክሳንድሪያ | ጁን 9

ሰላም ለሁላችሁ። ሴት ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ጨርሳለች። ባለፈው እሑድ እራት ላይ «እማ፣ አናፖሊስ ማመልከት እፈልጋለሁ» አለችኝ። እኔ አናፖሊስን የማውቃት አንድ ሰመር ጀልባ ለማየት የሄድንባት ከተማ አድርጌ ነው። ለካ እሷ የምትለው እዚያው ያለውን የባሕር ኃይል አካዳሚ ነው።

የአራት ዓመቱ ትምህርት፣ መኝታውና ምግቡ በነጻ ነው። በየወሩ ትንሽ ደመወዝም አለው። ሲመረቁ መኮንን ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ከስልኳ እያነበበች አስረዳችኝ። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኛል። ከዚያ «ግን የኮንግረስ አባል ኖሚኔት ሊያደርገኝ ይገባል» አለች። እጩ አድርጎ መጠቆም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ሴናተር ከየት አባቴ አመጣለሁ? እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ፈረቃ ነው የምሠራው። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። እሱ ደግሞ ጭራሽ «አንዴ አንድ ኮንግረስማን ከደለስ ኤርፖርት አምጥቻለሁ፣ ያኔ ስልኩን መቀበል ነበረብኝ» እያለ ይቆጫል።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚጀመረው «ሰው አለህ ወይ?» ተብሎ ነው። እዚህስ? ለፓርቲ ገንዘብ ያዋጣ ሰው ልጅ ብቻ ነው የሚገባው?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። በዲቪ ስንመጣ ልጄ 9 ዓመቷ ነበር። እኔ ዜግነት የወሰድኩት አምና ነው። እሷ ገና በግሪን ካርድ ናት። ይኼ ያስቀራታል?

ቤዛ 703 | ጁን 9

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ባለቤትሽም አይቆጭ፣ ስልኩን ቢይዘው ኖሮም ምንም አይፈይድለትም ነበር።

የእኔ ልጅ ዌስት ፖይንት፣ የምድር ጦሩ አካዳሚ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። እኔም እንደ አንቺ ሰው ፍለጋ ወጥቼ ነበር። አንድ ሰውዬ «በምርጫ ቅስቀሳው አብሬ ሠርቻለሁ፣ እነግርልሻለሁ» ብሎኝ ሁለት ወር ሙሉ አስጠበቀኝ። ልጄ በዚህ መሐል በራሱ ጊዜ የቢሮውን ድረ ገጽ ከፍቶ ፎርሙን ግማሽ አድርሶታል። ሰውዬው እስከ ዛሬ አልደወለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ የኮንግረስ አባል ቢሮ ይህን ጉዳይ የያዘ ሠራተኛ አለ። ልጅሽ የምታመለክተው ለእሱ ነው። ፎርም፣ ትራንስክሪፕት፣ ድርሰት፣ የምክር ደብዳቤ፣ ከዚያ ኢንተርቪው። ሴናተሩን በዓይኗ ላታየው ትችላለች።

በሮቹ ሦስት ናቸው። የቨርጂኒያ ሁለት ሴናተሮችና የምትኖሩበት የምርጫ ክልል ተወካይ። ለሦስቱም ለየብቻ ታመልክት። አንዱ ጋ ፎርም ሞልቶ «ጨረስኩ» ብሎ የተቀመጠ ልጅ አውቃለሁ። አራተኛ በር ምክትል ፕሬዚዳንቱ ናቸው። እሱ በጣም ጠባብ ነው፣ ግን መሞከር አይከፈልበትም። አባት ወይም እናት በውትድርና ለረጅም ዓመት ላገለገሉ ልጆች ደግሞ በፕሬዚዳንቱ በኩል ሌላ መንገድ አለ። እናንተን አይመለከትም።

አንድ የኮንግረስ አባል በአንድ አካዳሚ ውስጥ በአንድ ጊዜ በስሙ ሊኖረው የሚችለው አምስት ተማሪ ብቻ ነው። አንዱ ሲመረቅ ወይም ሲወጣ ቦታ ይከፈታል። ለዚያች አንድ ቦታ ቢሮው አሥርና ከዚያም በላይ ልጆች ሊጠቁም ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከእነሱ መሐል የሚመርጠው አካዳሚው ነው። አንዳንዱ የኮንግረስ አባል ግን አንዱን ልጅ ቀዳሚ አድርጎ ይልካል። ያ ልጅ መስፈርቱን ካሟላ ቦታው የእሱ ነው። ሳይመረጡ የቀሩትም ብቁ ከሆኑ አገር አቀፍ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። ከዚያም የሚጠሩ አሉ።

ስለዚህ ኖሚኔሽን የበር ቁልፍ እንጂ ቤቱ አይደለም። ለአካዳሚው የሚላከው ማመልከቻ ሌላ ነው። ሁለቱም እኩል መሄድ አለባቸው።

ቀኑን ደግሞ ከአሁኑ ያዢ። ቢሮዎቹ አብዛኞቹ በመኸር ማመልከቻ መቀበል ያቆማሉ። አንዱ ሴፕቴምበር፣ ሌላው ኖቬምበር። ሁሉም የየራሱ ቀን አለው። ሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ ፉክክሩ ከባድ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ የኮሎኔል ልጅ ነው።

ጥቁር ቡና | ጁን 9

ሁላችሁም ፎርም ፎርም ትላላችሁ። የሚጠየቀው ሌላ ነበር። ልጅሽን ለሰው አገር ጦርነት ልትሰጪ ነው? ከጦርነት ሸሽተን መጥተን፣ ነጻ ትምህርት አገኘን ብለን ልጅ እናስመዘግባለን? ማንንም ለማስቀየም አይደለም። ግን አንድ ሰው ይህን መናገር አለበት።

እናት ከአሌክሳንድሪያ | ጁን 10

ጥቁር ቡና፣ አልተቀየምኩም። ታላቅ ወንድሜ ባድመ ነው የቀረው። እናቴ እስክትሞት ድረስ የበር ድምፅ ስትሰማ ትነሳ ነበር። ልጄም ይህን ታውቃለች፤ ፎቶው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው ያለው። ጥያቄህን እኔም በየሌሊቱ እጠይቃለሁ። መልስ የለኝም። ግን የጠየቀችኝ እሷ ናት። ሳላጣራ «አይሆንም» ማለት አልፈለግኩም።

ዘላለም ሲልቨር ስፕሪንግ | ጁን 10

የዜግነቱን እኔ ልመልስ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የኢሚግሬሽን ወረቀት በሚሠራ ቢሮ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ።

እህቴ፣ ልጅሽ ዜጋ ሳትሆን አልቀረችም፣ አንቺ ሳታውቂው ነው እንጂ። በ2000 የወጣ የልጆች ዜግነት ሕግ አለ። ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው፣ ግሪን ካርድ ኖሮት፣ አሜሪካ ውስጥ ዜጋ ከሆነው ወላጁ ጋር በወላጁ ኃላፊነት ሥር የሚኖር ከሆነ ወዲያው ዜጋ ይሆናል። ፈተና የለም፣ መሐላ የለም። አንቺ አምና እጅሽን አንስተሽ ስትምይ እሷም ቤት ቁጭ ብላ አሜሪካዊት ሆነች ማለት ነው።

የሚቀረው ማስረጃ መያዝ ነው። ፈጣኑ መንገድ ፓስፖርት ማውጣት ነው። የአንቺን የዜግነት ሰርተፊኬት፣ የእሷን ግሪን ካርድና የልደት ሰርተፊኬቷን ይዛችሁ ሂዱ። ኤን-600 የሚባለው ፎርምም አለ። እሱ የዜግነት ሰርተፊኬት ያሰጣታል፣ ግን ገንዘቡም ጊዜውም ይበዛል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ፓስፖርቱን ነው የሚያወጣው።

18 ካለፋት በኋላ ዜጋ ብትሆኚ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ራሷ ማመልከት ነበረባት። አካዳሚው ዜግነቷን የሚፈልገው በምትገባበት ቀን ነው፣ ግን ወረቀቱን እስከዚያ አታቆዩት።

እናት ከአሌክሳንድሪያ | ጁን 10

ዘላለም፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ከሥራ ወጥቼ መኪና ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። አለቀስኩ መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ የልደት ሰርተፊኬቷ ላይ ያለው የስም ፊደል ከትምህርት ቤቷ ጋር አንድ አይደለም። ትምህርት ቤት በአንድ «ኤስ»፣ ሰርተፊኬቱ ላይ በሁለት። ደግሞም ትራንስክሪፕቱ ላይ የአያቷ ስም የለም።

ዘላለም ሲልቨር ስፕሪንግ | ጁን 10

የእኛ ሕዝብ በሽታ! አስተካክይው፣ አሁኑኑ። ፓስፖርቱ ላይ የሚወጣውን ስም መሠረት አድርጊና ትምህርት ቤቱ መዝገቡን እንዲያስተካክል ጠይቂ። የኤስኤቲ ፈተናውም፣ የኮንግረስ ፎርሙም፣ የአካዳሚው ማመልከቻም በዚያው ስም ይሁን። በሦስት ስም የተላከ ፋይል ሦስት ልጅ ነው። የልደት ቀኑንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ የተሳሳተ እንዳይሆን እዪው። አንድ ደንበኛችን በወረቀት ከታናሽ ወንድሙ በአራት ወር ብቻ ይበልጥ ነበር።

ምስራቅ ዲሲ | ጁን 11

እኛ ዲሲ ውስጥ ነን፣ ሴናተር የለንም። ወንድ ልጄ የአየር ኃይሉን ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ይመኛል። እኛ ቀረን ማለት ነው?

ቤዛ 703 | ጁን 11

አልቀራችሁም። በምክር ቤቱ ያላችሁ ተወካይ ድምፅ መስጠት ባይችሉም እጩ መጠቆም ይችላሉ። ለዲሲም አምስት ቦታ ነው። የምክትል ፕሬዚዳንቱም በር ለእናንተ ክፍት ነው። ለልጅሽ ግን ንገሪው፤ ሁለቱንም ዛሬውኑ ይጀምር። ሴናተር የላችሁምና በራችሁ ያንሳል።

ሌላም አለ፤ የኮስት ጋርድ፣ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው፣ አካዳሚ ኒው ለንደን፣ ኮነቲከት ነው። እሱ ጭራሽ ኖሚኔሽን አይጠይቅም። በቀጥታ ለአካዳሚው ነው የሚያመለክቱት። ብዙ የእኛ ልጅ አያውቀውም።

ሻምበል በጡረታ | ጁን 12

እኔ የሐረር አካዳሚ ምሩቅ ነኝ። የሕንድ መኮንኖች ያቋቋሟት ናት። እኛን የጠቆመን የሕዝብ እንደራሴ አልነበረም። ስንገባም ስንወጣም ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነበር።

ልጄ፣ «ሰው አለህ ወይ?» ያልሽው ልቤን ነካው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ የእነሱን ታሪክ አንብቤያለሁ። ዌስት ፖይንት የተቋቋመው በ1802 ነው። መጀመሪያ እዚህም «የእገሌ ልጅ» የሚባል ነገር ነበረ። በ1843 ኮንግረስ ከእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ካዴት እንዲገባ በሕግ አጸናው። ሐሳቡ መኮንኑ ሁሉ ከአንድ ሰፈርና ከአንድ ቤተሰብ እንዳይወጣ ነው። ከገበሬው አገርም ከወደቡም ይምጣ ነው። የእኛ ጦር ይህን ቢያገኝ ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። በዚህ አልገፋም፣ ሌላ ክር ይሆንብናል።

ሚድሺፕማን ነበርኩ | ጁን 13

ይቅርታ፣ አማርኛዬ ትንሽ የቤት አማርኛ ነው። የአናፖሊስ ምሩቅ ነኝ። ሜሪላንድ ነው ያደግኩት፣ እናቴ የጎንደር ሰው ናት።

ለጥቁር ቡና በቅድሚያ። ግዴታው ግልጽ ነው፣ ማንም አይደብቀውም። ከተመረቁ በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት በሥራ ላይ ማገልገል አለ። አብራሪ ከሆኑ ይረዝማል። ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት «አልተስማማኝም» ብሎ ያለ ዕዳ መውጣት ይቻላል። ፊርማው የሚጠነክረው ሦስተኛ ዓመት ሲጀመር ነው። እኔ ያለሁበት ክፍል ውስጥ በመጀመሪያው ክረምት የወጡ ነበሩ። ማንም አልሰደባቸውም።

እትዬ፣ የልጅዎን ፈተና ልንገርዎት። ወረቀቱን ሁሉም ልጅ ይሞላዋል። የእኛን ልጆች የሚጥላቸው ኢንተርቪው ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ አራት አምስት ሰው ይቀመጣል። ጡረተኛ መኮንን አለ፣ የአካዳሚ ምሩቅ አለ፣ አስተማሪ አለ። «መሪ የሆንክበትን ንገረን» ይላሉ። እኔ ምን አልኩ? «ምንም አልሠራሁም፣ አብረን ነው የሠራነው» አልኩ። ቤታችን ውስጥ ራስን ማመስገን ነውር ነው። እናቴ «አፍህን ሰብስብ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ጡረተኛዋ ኮማንደር ፈገግ ብላ «እሺ፣ ከትምህርት ቤት በኋላ ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ። ሁለት ታናናሾቼን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ፣ አበላለሁ፣ አያቴን ሐኪም ቤት ወስጄ አስተረጉማለሁ፣ ቅዳሜ ነዳጅ ማደያ እሠራለሁ አልኩ። ብዕሯን አስቀመጠች። «ታዲያ ይኼን ለምን አልጻፍከውም?» አለችኝ።

ልጅዎ ይህን ትጻፈው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ታስተምራለች? ትጻፈው። ለእርስዎ የባንክ ደብዳቤ ትተረጉማለች? እሱንም።

«ካልገባሽስ?» ብለው መጠየቃቸውም አይቀርም። መልስ ይኑራት። አርኦቲሲ የሚባል የመኮንንነት ሥልጠና በብዙ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ኖሚኔሽን አይጠይቅም፣ እሱም መኮንን ያደርጋል። አንድ ዓመት ኮሌጅ ተምሮ እንደገና ያመለከተም ሞልቷል። «ካልገባሁ እሞታለሁ» የሚል ልጅ አይወዱም።

የሰውነት ብቃት ፈተናው ስድስት ነገር ነው። ሩጫ፣ ፑሽ አፕ፣ ሲት አፕ፣ ብረት ላይ መንጠልጠል፣ ወዲያና ወዲህ እየሮጡ መመላለስ። ስድስተኛው ሰውን የሚያስቀው ነው፤ ተንበርክኮ የቅርጫት ኳስ በአንድ እጅ መወርወር። ቀላል ይመስላል። ከእግር ጉልበት ማግኘት ስለማይቻል ኳሱ አፍንጫዎ ሥር ነው የሚወድቀው። ከአሁኑ ትለማመድ።

አንድ ታሪክ ጨምሬ ልተው። ከአናፖሊስ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ዌስሊ ብራውን ይባላል፣ 1949 ነው። የጠቆመው የሃርለሙ ኮንግረስማን አዳም ክሌይተን ፓውል ነው። ከእሱ በፊት የገቡ ጥቁሮች በስድብና በበደል ወጥተዋል። ዛሬ ግቢው ውስጥ በስሙ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ አለ። እኔ ዝናብ ሲሆን እዚያ ነበር የምሮጠው።

ሃና ኦክላንድ | ጁን 13

ስጦታ ነገር መውሰድ ይቻላል? ማለቴ ለቢሮው ሠራተኛ። ድፎ ዳቦና ቡና ብቻ።

ቤዛ 703 | ጁን 13

በፍጹም! ሃኒዬ፣ ድፎውን ለእኛ አምጪው። እነሱ ጋ ስጦታን የሚመለከት ደንብ አለ፣ ልጁንም ያሳፍረዋል። ለምክር ደብዳቤ ለጻፈችለት የሒሳብ አስተማሪ የምስጋና ካርድ ልጁ በእጁ ጽፎ ይስጥ። ይበቃል።

ሌላ ነገር ላክል፤ ወላጆች ስሙኝ። አትደውሉ። እኔ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሦስተኛው ላይ ሠራተኛዋ በትሕትና «እመቤት፣ ልጅዎ ራሱ ቢደውል ደስ ይለናል» አለችኝ። ጆሮዬ ጋለ። ለካ መዝገብ ይይዛሉ። ኢሜይሉንም በልጁ ስም አትጻፉ። እናት የጻፈችው ኢሜይል ከሩቅ ይታወቃል፣ «በታላቅ አክብሮት» ብሎ ነው የሚጀምረው።

አዲሴ ከቦሌ | ጁን 15

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ 18 ዓመቴ ነው። አሜሪካዊ አይደለሁም። ለሴናተር ኢሜይል ብልክስ?

ሚድሺፕማን ነበርኩ | ጁን 15

ወንድሜ፣ ለሴናተር አትላክ። ሴናተር የሚጠቁመው የራሱን ስቴት ነዋሪ ነው። የውጭ አገር ተማሪዎች ሌላ መንገድ አላቸው። አሜሪካ የምትጋብዛቸው አገሮች መንግሥታት የራሳቸውን ልጆች ያቀርባሉ። በእያንዳንዱ አካዳሚ በአንድ ጊዜ እስከ 60 የውጭ ተማሪ ሊኖር ይችላል። ሲመረቁ ወደ አገራቸው ጦር ነው የሚመለሱት። መንገዱ በመንግሥት በኩል እንጂ በግል አይደለም። ገንዘብ ክፈልና ላስገባህ የሚል ሰው ካገኘህ ሩጥ።

እናት ከአሌክሳንድሪያ | ሴፕቴምበር 21

ጠፋሁ አይደል? ይኸው ዜና። ፓስፖርቱ መጣ። ዘላለም እንዳልከው ነው የሆነው። ስሙንም አስተካከልን፤ ትምህርት ቤቱ ሦስት ሳምንት አመላለሰን። ልጄ ሦስቱንም ቢሮ ጨርሳለች። እኔ አልደወልኩም። አንድ ጊዜ ስልኩን አንስቼ ነበር፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

አሁን ሌላ ጭንቀት መጣ። 14 ዓመቷ ሳለ ብሮንካይት ይዟት አንድ የልጆች ሐኪም ኢንሄለር ሰጥቷት ነበር። ለሦስት ሳምንት ብቻ። ወረቀቱ ላይ «አስም» ብሎ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ትንፋሽ አላጠራትም፣ አገር አቋራጭ ሯጭ ናት። የሕክምና ምርመራው ፎርም ላይ ይህን ልጻፈው ወይስ ልተወው? ባለቤቴ «ማን ያውቃል፣ ተዪው» ይላል።

ሚድሺፕማን ነበርኩ | ሴፕቴምበር 21

ይጻፍ! እትዬ፣ ይህን በትልቁ ነው የምለው። መደበቅ ከአስም ይብሳል። የመከላከያው የሕክምና ቦርድ የፋርማሲ ታሪክ ሊያይ ይችላል። እዚያ ቤት ደግሞ የመጀመሪያው ሕግ አለመዋሸት ነው።

ከ13 ዓመት በኋላ የተመዘገበ አስም ያስጥላል፣ እውነት ነው። ግን ዌቨር የሚባል፣ መስፈርቱን ላላሟላ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ አለ። የሚጠይቅላት እሷ አይደለችም፣ አካዳሚው ነው። የሚጠይቅላትም ከፈለጋት ነው። ስለዚህ የጠነከረ ፋይል ለዚህም ይጠቅማል። አሁን የሳንባ ሐኪም ጋ ሄዳ የትንፋሽ ምርመራ ታሠራ። ውጤቱን ትያዝ። ቦርዱ «ብቁ አይደለችም» የሚል ደብዳቤ ቢልክ አትደንግጡ፤ ለብዙ ልጅ ይላካል።

ጥቁር ቡና | ሴፕቴምበር 22

እኔ አሁንም በሐሳቡ አልስማማም። ግን ባልሽን «ተዪው» አትበል በይው። ትክክል ጽፋ ትውደቅ።

እናት ከአሌክሳንድሪያ | ኖቬምበር 17

ቅዳሜ ኢንተርቪው ነበረ። እኔ ነኝ ያደረስኳት። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ሳልተኛ ነው የሄድኩት። ኮሪደሩ ላይ ልጆቹ ሁሉ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ወንዶቹ የአባታቸውን ክራባት ያሰሩ ይመስላሉ። አንድ አባት ልጁን አጅቦ ሊገባ ሲል ሠራተኛዋ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ አስቆመችው። እኔን ብትሆን ኖሮ ብዬ ቤዛን አመሰገንኩ።

ሃያ ደቂቃ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ትንሽ ቆይታ «እማ፣ ስለ አጎቴ ጠየቁኝ» አለችኝ። ድርሰቷ ላይ ጽፋዋለች ለካ። ፎቶው ያለበትን ግድግዳ፣ እናቴ በር ሲንኳኳ የምትነሳውን። እኔ አላነበብኩትም ነበር። «ይህን እያወቅሽ ለምን ትመጫለሽ?» አሏት። ምን እንዳለች አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም። እስከ ዋሽንግተን ስትሪት ድረስ ዝም ብለን ሄድን።

ሻምበል በጡረታ | ኖቬምበር 18

አነበብኩት። ሁለት ጊዜ።

እናት ከአሌክሳንድሪያ | ጃንዋሪ 14

ከአንዱ ሴናተር ቢሮ ተደወለ! ለአናፖሊስ ተጠቁማለች። ከምርጫ ክልላችን ተወካይ ቢሮ ደግሞ «አልተመረጥሽም» የሚል ደብዳቤ መጥቷል። ከሌላው ሴናተር ገና ነው። ባለቤቴ ሰው ሁሉ ጋ «ገባች» ብሎ ደወለ። ገና እኮ ነው ብዬ አንድ በአንድ መልሼ ደወልኩ።

ቤዛ 703 | ጃንዋሪ 14

እልልልል! በአንዱ መጠቆም በቂ ነው። ቢሮዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ጊዜ አለ፤ አንዱ ከያዘሽ ሌላው ቦታውን ለሌላ ልጅ ይተዋል። ስለዚህ በደብዳቤው አትዘኑ። አሁን ያለው የአካዳሚው ውሳኔና ዌቨሩ ነው። እስከ አፕሪል ሊጎትት ይችላል። ሌሎች ኮሌጆችንም ትጨርስ። በዚያ መሐል «እናዘጋጅሽ» የሚል ደብዳቤ ከኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ ቢመጣ እንዳትንቁት። የባሕር ኃይሉ መሰናዶ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ዓመት እዚያ ተምረው ወደ አናፖሊስ የሚገቡ ብዙ ናቸው።

ምስራቅ ዲሲ | ጃንዋሪ 15

እንኳን ደስ ያላችሁ! የእኔው በተወካያችን በኩል ኢንተርቪው አድርጓል፣ እየጠበቅን ነው። እህቴ፣ ያ የኳስ ውርወራ እንዴት ሆነላት? የእኔ ልጅ አንድ መስኮት ሰብሮብኛል።

እናት ከአሌክሳንድሪያ | ጃንዋሪ 16

ሰላም፣ እኔ እናቷ አይደለሁም። እኔ ልጇ ነኝ። እናቴ ላፕቶፑን ከፍታ ተኝታለች፣ ከሥራ ነው የመጣችው። ይህን ክር ዛሬ ነው ያየሁት። ሁሉንም አነበብኩ። አማርኛ መጻፍ ለእኔ ቀርፋፋ ነው፣ ስህተት ካለ ይቅርታ።

ለዲሲው ልጅ፦ ኳሱን ከጆሮህ በላይ ያዝ እንጂ ከደረትህ አትወርውር። ሁለቱም ጉልበትህ መሬት ላይ ይሁን። ወገብህን ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ ነው። መጀመሪያ በጣም አጭር ነበር የምወረውረው። ከአባቴ ጋር በየማታው ፓርኪንግ ውስጥ እንለማመድ ነበር። እሱ ታክሲውን አቁሞ የፊት መብራቱን ያበራልኛል፣ ኳሱን ደግሞ ሮጦ ያመጣል። ቤት ውስጥ አትወርውር።

ዌቨሩ ገና አልመጣም። ሲመጣ እኔ ራሴ እጽፋለሁ።